መንጃ ፈቃዱ ከደብረ ብርሃን፣ መንዳቱ ከጣርማ በር

መኪና መንዳት መማር ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው በሰሜን ሸዋ መልሱ ሩቅ አይደለም። ሌሊት ምጥ የያዛትን እናት ጤና ጣቢያ ለማድረስ መኪና ቢገኝ እንኳ የሚነዳው ሰው ካልተገኘ ዋጋ የለውም። ሹፌርነት ራሱ እንጀራ ነው። መኪና ገዝቶ ለሹፌር የሚሰጥ ባለንብረትም ቢሆን መንዳት ካልቻለ ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ ነግረውት እንጂ አይቶ አያውቅም። እኛ አካባቢ ግን ይህ ሁሉ ጥቅም የሚገኘው ቁልቁለት መውረድ ሲቻል ነው።

ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ዙሪያዋ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። እዚያ የሰለጠነ ተማሪ ማርሽ መቀየሩን፣ ወደ ኋላ መንዳቱን፣ ማቆሙን አሳምሮ ያውቃል። በደሴ መንገድ ጣርማ በር ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ነው፤ ተራራውን ሰንጥቆ ከሚያልፈው የመኪና ዋሻ ወዲያ መንገዱ በደብረ ሲና አድርጎ ሸዋ ሮቢት እስኪደርስ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ድረስ ይወርዳል። ሜዳ ላይ ያልተማረው እዚህ ይጠየቃል።

ማርሽ የሚመረጠው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ያንን መንገድ ሽቅብ ብትወጡት በስንተኛ ማርሽ ትወጡት ነበር? በዚያው ውረዱ፣ ጭነት ካለ ደግሞ በአንድ ዝቅ አድርጉ። ለትንሽ መኪና ብዙውን ጊዜ 2ኛ ወይም 3ኛ ነው። እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሡ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል። አውቶማቲክ የሚነዱም ማርሹን በዲ ላይ ትተው መውረድ የለባቸውም፤ ወደ 2 ወይም ወደ ኤል ያውርዱት።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ መውረድ ክፉ ልማድ ነው፤ ስሌቱም ስህተት ነው። የዛሬ መኪኖች ማርሽ ውስጥ ሆነው ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ለሞተሩ ነዳጅ መርጨት ያቆማሉ፤ ሞተሩን የሚያዞረው የጎማው ጉልበት ነው። በዜሮ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መብላቱን ይቀጥላል። ሞተር አጥፍቶ መውረድማ ከዚህም የባሰ ነው፦ ፍሬኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ይደርቃል፣ መሪው ይከብዳል፣ ቁልፉ ከወጣም መሪው ሊቆለፍ ይችላል።

ፍሬን የሚሞተው በሙቀት ነው። እግር ሳይነሣ ሲረገጥ ሸራው፣ ማለትም ተፋትጎ የሚያቆመው የፍሬኑ ክፍል፣ ይግላል፣ መያዙ ይቀንሳል፣ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ያረጀው ቶሎ ይፈላል፤ በውስጡ እንፋሎት ሲፈጠር ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር የሚገባው ለዚህ ነው። ፍሬን መርገጥም ዘዴ አለው፦ ፍጥነቱ 40 ሲደርስ ጠበቅ አድርጋችሁ ወደ 30 አውርዱት፣ ከዚያ ፈጽማችሁ ልቀቁትና ይቀዝቅዝ። የጋለ ፍሬን ላይ ውሃ አታፍስሱ፣ ብረቱ ይሰነጠቃል። ፔዳሉ ከለሰለሰባችሁ ደጋግማችሁ ምቱት፣ ማርሹን አንድ በአንድ ዝቅ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን የመልቀቂያ ቁልፉን እንደተጫናችሁ ቀስ እያላችሁ ሳቡ። የግድ ከመንገድ መውጣት ካለባችሁም ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው በኩል ነው።

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ማቆሚያው አራት እጥፍ ይረዝማል። በደረቅ አስፋልት በ40 ላይ ያለ መኪና ፍሬኑ ከተረገጠ በኋላ 9 ሜትር ያህል ይሄዳል፣ በ80 ላይ ያለው 36 ሜትር። የመንዝ በግ መንገድ ሲሻገር ይህ ልዩነት ይታያል። አንዷ ከተሻገረች የቀሩት ሳያዩ ይከተላሉና ክላክስ ከማስጮህ ቆሞ ማሳለፍ ይሻላል፤ እረኛውም ብዙ ጊዜ ሕፃን ነው።

በክረምት ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ሲወርድ ረጅም መብራት አይበራም፤ ብርሃኑ ከጭጋጉ ተመልሶ ዓይን ያጠፋል። አጭሩን አብርቶ ዝግ ማለት ነው። ዋሻው ጋም መብራት የሚበራው ከመግባት በፊት ነው።

ዳገት ላይ መነሣት ሌላው ፈተና ነው። የእጅ ፍሬን ተስቦ 1ኛ ማርሽ ይገባል፣ ትንሽ ነዳጅ ይሰጣል፣ ፍሪሲዮኑ ቀስ ብሎ ይለቀቃል። የሞተሩ ድምፅ ወፈር ሲልና የመኪናው አፍንጫ ቀና ሲል ይዟል ማለት ነው፤ የእጅ ፍሬኑ ያኔ ይለቀቅ። በግማሽ ፍሪሲዮን መኪናውን ዳገት ላይ አንጠልጥሎ መቆየት ግን ዲስኩን ይበላዋል። ከፍታው ራሱ ጉልበት እንደሚቀንስም አትርሱ፤ ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ ተርቦ (አየር ጨምቆ ለሞተሩ የሚሰጥ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ማርሽ ቀደም ብሎ ማውረድ የሞተር ድካም አይደለም።

አዲስ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው የመጀመሪያውን ቁልቁለት ልምድ ካለው ሹፌር ጋር፣ በቀን፣ ያለ ጭነት ይውረድ። ደብረ ሲና ሲደርስ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ ይውረድና እጁን ሳያስነካ ወደ ፊት ጎማው ቸርኬ ያስጠጋ። ለብ ያለ ከሆነ የወረደው በማርሽ ነው። ፊት የሚመታ ሙቀትና የሸራ ሽታ ካለ ግን የወረደው በፍሬን ነውና እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወስደውን ቁልቁለት በአንድ ማርሽ ዝቅ ብሎ ይጀምር።