ሞተሩ ጠፍቶ ሬዲዮው የሚዘፍን መኪና

ሞተሩ ድንገት ጠፍቶ ሬዲዮው መዝፈኑን ከቀጠለ ባትሪ ለመግዛት አትቸኩሉ። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል፤ እኔን ግን አሁንም ያናድደኛል። በዕድሜ የገፉ አንድ የላዳ ታክሲ ሹፌር ባትሪ ቀይረው፣ ሞተር የሚያስነሳውን ሞተሪኖ አስጠግነው፣ ካርቡራቶር አስፈትተው አሳጥበው ነው እኛ ጋራዥ የመጡት። መኪናዋ ግን ያው ናት። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ያለ እንከን ትሠራለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሰው ጭና ኮብልስቶን ላይ ቀጥ ትላለች። ትንሽ ቆይታ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች።

እንዲህ የሚመጣና የሚሄድ የኤሌክትሪክ ችግር ጋራዥ ውስጥ የሚወደው የለም። የተቃጠለ ነገር ይሸታል። የተበጠሰ ነገር ይታያል። ይሄኛው ግን ኮፋኖ ሲከፈት ይሰወራል። ስለዚህ ሰው ወደ ግምት ይሄዳል፤ ግምቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከባትሪ ነው።

እኔ ኮፋኖውን አልከፈትኩም። ለጋሼ ወንበር ሰጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ስትቆም ምን ምን ይጠፋል?»

«ሁሉም ነገር ነዋ! ኤሌክትሪኩ ድርግም ይላል።»

«ክላክሱስ?»

ትንሽ አሰቡ። «ክላክሱ… ይሠራል። ባለፈው ሳሪስ መሀል መንገድ ላይ ቆማብኝ ከኋላዬ ሲያንባርቁብኝ እኔም መልሼ አንባርቄባቸዋለሁ።»

«ሬዲዮውስ?»

«ሬዲዮው መቼ ይጠፋል! ዜና እየሰማሁ እኮ ነው የምትቆመው።»

«የሙቀት መለኪያውስ?»

«እሱ ይወርዳል። ሞተሩ ሲጠፋ አብሮት ቁልቁል ይላል። ቶሎ እየቀዘቀዘ ነው መሰለኝ።»

የሚነዳ ሞተር በአንድ አፍታ አይቀዘቅዝም። መለኪያው የወረደው መረጃ የሚልክለት ነገር ስለተቋረጠበት ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለጥልኝ ጀመር። ሬዲዮና ክላክስ የሚሠሩት በቦዲው ማሳ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው በሚመለስበት በቦዲው ብረት ነው። ሞተሪኖው፣ ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ፣ የካንዴላውን እሳት የሚያስነሳው ፑንቲናና የሙቀት መለኪያው ሴንሰር ግን ሁሉም ሞተሩ ላይ የተቀመጡ ናቸው። የሚሞተው ሞተሩ ላይ ያለው ብቻ ነው። ቦዲው ላይ ያለው አይነካም። ይህ የባትሪ ጠባይ አይደለም። ባትሪ ወይም የባትሪ ራስ ሲከዳ ሬዲዮውንም ክላክሱንም ይዞ ነው የሚሄደው።

«ሌላስ ጋሼ? ትንሽ ነገርም ቢሆን ይንገሩኝ።»

ዝም አሉ። ከዚያ እንደማፈር ብለው፣ «ይሄን ብነግርህ ትስቅብኛለህ። እዚያኛው ጋራዥ ስነግራቸው ተሳስቀውብኛል» አሉ።

«አልስቅም።»

«ጠዋት አልነሳ ስትለኝ ቾኩን ሳብ ለቀቅ አደርገዋለሁ። አንዳንዴ ያኔ ትነሳለች። ገመዱ ግን ይግላል። ኮፋኖውን ከፍቼ ስነካው እጄን አቃጠለኝ። የፕላስቲክ ሽታም አለው።»

«እነሱ ምን አሉ?»

«ቾክ አየር ነው የሚዘጋው፣ ኤሌክትሪክ የለውም፤ ሞተር አጠገብ ስላለ ነው የሚግለው አሉኝ።»

«የሚግለው ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ነው ወይስ ሳይነሳ?»

«ሳይነሳ! ሳይነሳ ነው እንጂ! በሐምሌ ብርድ፣ ሌሊቱን ቆማ ባደረች መኪና!»

አልሳቅኩም። እንዲያውም ተነስቼ ትከሻቸውን ያዝኩ። ችግሩን ያገኙት እሳቸው ናቸው። የሚሰማቸው ነው ያጡት።

ላዳ ከፊያት 124 የተወለደች መኪና ናት። ሶቪየት ኅብረት ውስጥ መመረት የጀመረችው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። የኤሌክትሪክ መስመሯ ቀላል ነው፤ ኮምፒውተር የላት፣ ምን የላት። ሞተሯ የጎማ ትራስ ላይ ነው የተቀመጠው። ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የባትሪው ኔጌቲቭ ቦዲው ላይ ሲታሰር ሞተሩን ከቦዲው የሚያገናኝ ወፍራም የማሳ ገመድ ያስፈልጋል። ያ ገመድ ሲላላ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የሚያገኘው ደግሞ ከካርቡራቶሩ ተነስቶ ዳሽቦርድ ድረስ የሚሄደውን ቀጭኑን የቾክ ሽቦ ነው። ሞተሪኖ ለማስነሳት ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። ያንን ሁሉ በቀጭን የብረት ሽቦ አሳልፉትና ምን እንደሚሆን አስቡ። ለዚህ ነው የሚግለው። ቾኩ ሲንቀሳቀስ አንዳንዴ የምትነሳውም ለዚሁ ነው፤ ሽቦው በሌላ በኩል ስለሚነካ።

ከዚያ በኋላ ነው ኮፋኖ የከፈትኩት። የቮልት መለኪያውን፣ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አደረግኩ። ቁልፉ ሳይዞር ዜሮ ነው የሚለው። ከእኔ በፊት የለካ ሰው ካለ እዚህ ላይ ነው ያቆመው ብዬ አምናለሁ። ኤሌክትሪክ በማይሄድበት መስመር ላይ ቴስተር ምንም አይነግራችሁም። አንድ ክር ብቻ የቀረው ገመድም ደህና መስሎ ይታያል። ጭነት ሲመጣ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ረዳቴን «ቁልፉን አዙር» አልኩት። ሞተሪኖው ቀጭ ብሎ ዝም አለ። የጣሪያዋ መብራት ምንም አልደከመችም። ቴስተሩ ከ7 ቮልት በላይ ዘለለ። ደህና በሆነ መኪና እዚህ ቦታ ላይ ከግማሽ ቮልት ማለፍ የለበትም። ከባትሪው 12 ቮልት ከግማሽ በላዩ መመለሻው መንገድ ላይ እየቀረ ነው ማለት ነው። ሞተሪኖው በምን ይዙር?

ባትሪ መበደሪያውን ኬብል አመጣሁ። አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን በቀጥታ ሞተሩ ላይ ነከስኩት። «አሁን እርስዎ ይሞክሩት ጋሼ» አልኳቸው። ገና ቁልፉን ነካ ሲያደርጉት ሞተሩ ተነሳ። ጋሼ መሪያቸውን ይዘው ወደ እኔ አዩ። አዲሱ ባትሪም አሮጌው ሞተሪኖም ያን ቀን ምንም አልጎደላቸውም ነበር።

መኪናዋ ሥር ስገባ የማሳው ገመድ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አካባቢ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ብሎኑ በእጅ ገባ ተደርጎ አልጠበቀም። ከሥሩ ጭቃና ዘይት ሞልቶታል።

«ፍሪሲዮን መቼ ነው ያስቀየሩት?»

«ከክረምቱ በፊት…» ብለው ንግግራቸው ተቋረጠ። «ቆይ እስቲ። ችግሩ እኮ የጀመረኝ ከዚያ ወዲህ ነው።»

ፍሪሲዮን ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኝና የሚያለያይ ክፍል ስለሆነ እሱን ለመቀየር ካምቢዮ ይወርዳል። ካምቢዮው ሲመለስ ያቺን ብሎን ያላጠበቀው ጋራዥ ነው በኋላ ባትሪ የሸጠላቸው። ሞተሪኖውንም ያወረደው እሱው ነው። ቾክ ኤሌክትሪክ የለውም ብሎ የሳቀባቸውም እሱው።

አንድ ነገር ግን በሐቅ መነገር አለበት። አዲሱ ባትሪ ለጥቂት ጊዜ ሠርቶ ነበር። የዲናሞው ኤሌክትሪክም የሚመለሰው በዚያው ማሳ ስለሆነ አሮጌው ባትሪ በደንብ ሳይሞላ ነበር የሚከርመው። ሙሉ ባትሪ ሲገባ ደካማውን መንገድ በጉልበት ይገፋዋል። እሱም ሳይሞላ ሲቀር ወደነበረበት ይመለሳል። «ባትሪ ስንቀይር ተሻለው» የሚለው ወሬ የሚመጣው ከዚህ ነው። መሻልና መዳን ግን ለየቅል ናቸው። የሰው ገንዘብ ይዞ በመሻል ላይ ማቆም ያሳፍራል። የዚህ ሰው እንጀራ መኪናዋ ናት። የቆመችበት ቀን ሁሉ ቤቱ ድረስ ይሰማል።

ብሎኑን ፈታሁ፣ የሚገናኙትን ብረቶች በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበሩ ፈተግኳቸው፣ ገመዱን በአዲስ ቀየርኩ፣ አጥብቄ አሰርኩና ከላይ ግሪስ ቀባሁት። የቾኩ ገመድ ሽፋኑ ቀልጦ ስለነበር እሱንም ከሶማሌ ተራ አስመጥተን ተካነው። እንደገና ስለካ ቴስተሩ ከግማሽ ቮልት በታች ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ጋራዡ ውስጥ ለሚማሩት ልጆች መጀመሪያ የማስጠናቸው «ምን ጠፋ?» ብሎ መጠየቅን ብቻ አይደለም፤ «ምን አልጠፋም?» የሚለውንም ነው። ሹፌር የሚናገረው ሁሉ ይጠቅማል ማለቴ ግን አይደለም። ጋሼ በዚያው ጨዋታ ስለ ቤንዚኑ ጥራት፣ ስለ ካንዴላው፣ ስለ ገዙበት ሰው ዓይን ብዙ ነግረውኛል። አንዱም አልጠቀመኝም። የቾኩ ነገር የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ቸኩዬ ብነሳ ኖሮ አልሰማውም ነበር።

ሒሳብ ላይ ከአለቃዬ ጋር ተከራከርን። «ለአንድ ገመድ ስንት እንጠይቃቸዋለን?» አለኝ። የፍለጋውም ሥራ ዋጋ አለው አልኩት፤ አሁንም የማምነው ይህንኑ ነው። መለዋወጫ ሲቀየር ብቻ የሚከፈለው መካኒክ መለዋወጫ መቀየር ይለምዳል።

ጋሼ የተባሉትን ሳይከራከሩ ከፈሉ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ችግሩ ምን እንደነበረ በወረቀት ተጽፎ ማህተም እንዲደረግበት። አለቃዬ ከሌላ ጋራዥ ጋር መጣላት አልፈለገምና አቅማማ። እኔ ለምኜ አስመታሁላቸው። የለካሁትን ቮልት፣ ብሎኑ የነበረበትን ቦታ፣ ፍሪሲዮኑ የተቀየረበትን ወር ጻፍኩ። ወረቀቱን ይዘው ሄዱ። የባትሪውን ብር አልመለሱላቸውም። የሞተሪኖውን የእጅ ዋጋ ግን ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ሰጥተዋቸዋል።