በቤቴ ዙሪያ 40 ካሬ ድንጋይ ለማንጠፍ የጻፍኩት የተሳሳተ እኩልታ

ቤቴ 8 በ10 ሜትር ነው። ግንባታው ሲያልቅ 40 ካሬ ሜትር ንጣፍ ድንጋይ ተረፈኝ፤ ቀለሙ የሚመሳሰል ሌላ ድንጋይ ስላጣሁ፣ በዚያው ብቻ በቤቱ አራቱም ጎን ወርዱ እኩል የሆነ መተላለፊያ ለማንጠፍ ወሰንኩ። ቤቱን ለካሁ፣ ድንጋዩን ቆጠርኩ፣ ማዕዘኖቹንም 3፣ 4 እና 5 ሜትር በሆነ ሲባጎ አረጋገጥኩ፤ እስከዚህ ችግር አልነበረም። የቀረኝ ወርዱን ማወቅ ነበር።

ግንበኛው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። የቤቱ ዙሪያ 36 ሜትር መሆኑን ሲሰሙ 40ን ለ36 አካፍለው «ልጄ፣ ይህ ድንጋይ ከ1 ሜትር ከ11 አያልፍም» አሉኝ። የአራቱን ማዕዘኖች ቦታ እንዳልቆጠሩ ስላየሁ፣ ይህ የኳድራቲክ እኩልታ (ያልታወቀው ቁጥር በራሱ ተባዝቶ የሚገባበት እኩልታ) ሥራ ነው ብዬ ወረቀት አወጣሁ። ወርዱን «ወ» አልኩት። ቤቱ 80፣ ድንጋዩ 40፣ በድምሩ 120 ካሬ ስለሚሆን (8 + ወ) × (10 + ወ) = 120 ብዬ ጻፍኩ። ሲዘረዘር ወ² + 18ወ − 40 = 0 ሆነ፤ መልሶቹም 2 እና −20 ነበሩ። ከዜሮ በታች የሆነ ወርድ ስለሌለ −20ን ጣልኩ፤ በትምህርት ቤት እንደተማርኩት 2ን በእኩልታው ተክቼ 10 × 12 = 120 መሆኑንም አየሁ።

መልሱ ያለ ሽራፊ መውጣቱ ልቤን ሞላው። ግንበኛው «ሁለት ሜትር አይደርስም፤ ድንጋዩን እኮ አይቼዋለሁ» ሲሉኝ ወረቀቱን አሳየኋቸው እንጂ አልሰማኋቸውም፤ ይህን እስከ ዛሬ እጸጸትበታለሁ። ችካል ተተከለ፣ የቀን ሠራተኞች ዙሪያውን በሁለት ሜትር ወርድ ቆፈሩ፣ ገረጋንቲ ተደለደለ። የፊት ለፊቱን 14 ሜትር ጨርሰን በጎን በኩል 6 ሜትር እንደ ሄድን ድንጋዩ አለቀ። ያስቆፈርኩት 88 ካሬ ነበር፤ ከግማሽ በላይ የሆነው ባዶውን ቀረ።

መተላለፊያው በቤቱ ግራም ቀኝም ስለሚያልፍ በእያንዳንዱ ልኬት ላይ መጨመር የነበረበት 2ወ ነው። ያገኘሁት 2 ሜትር የሁለቱ ጎኖች ድምር ነበር። (8 + 2ወ) × (10 + 2ወ) = 120 ተብሎ ሲጻፍ ወደ ወ² + 9ወ = 10 ያጥራል፤ ወርዱም 1 ሜትር ነው። የግንበኛው ስሌት የሳተው በ11 ሳንቲ ሜትር፣ የእኔው በአንድ ሙሉ ሜትር ነው።

የሚያናድደኝ ማረጋገጫው ነው። መልስን በራሱ በእኩልታው ውስጥ መተካት የማባዛትና የመደመር ስህተትን ይይዛል፤ እኩልታው ራሱ ከመሬቱ ጋር ካልገጠመ ግን ምንም አይናገርም። ይህን ያስጠነቀቀኝ መምህርም መጽሐፍም አልነበረም። አሁን የማደርገው ወረቀቱን ትቼ ሥዕሉን መልሶ መለካት ነው፦ ሁለት ሜትር ቢሆን ውጫዊው ጎን 12 በ14፣ ስፋቱ 168፣ ቤቱ ሲቀነስ 88። ይህ ስሌት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የሠራው የሒሳብ ሊቅ አል ኽዋሪዝሚ ወ² + 10ወ = 39ን የፈታው በሥዕል ነው፦ ጎኑ ወ የሆነ አንድ ካሬ ስሎ በአራቱ ጎኖቹ ላይ 2.5 ወርድ ያላቸው አራት ሬክታንግሎችን ለጠፈ፣ ከዚያም የጎደሉትን አራት የጥግ ካሬዎች፣ በድምሩ 25፣ ሞላ። 39 እና 25 ሲደመሩ 64፣ የትልቁ ካሬ ጎን 8፣ ከእርሱ 5 ሲቀነስ 3። ሁለት ጊዜ 2.5 መቀነሱን ያየ ሰው የእኔን ስህተት አይሠራም፤ ስለዚህ ቀመሩን ከመሸምደድ በፊት ይህ ሥዕል ቢቀድም እመርጣለሁ።

ትክክለኛው መልስ 1 ሜትር ቢሆንም እንዳለ አትውሰዱት። ድንጋይ ሲቆረጥ ይሰበራል፤ እኔ 2 ካሬ ለብክነት ትቼ በ38 ስሠራው 95 ሳንቲ ሜትር ወጣ፣ ያነጠፍነውም በዚሁ ልክ ነው። የተነጠፈውን ነቅለን፣ ትርፉን ቁፋሮ በአፈር መልሰን ደለደልን፤ ከመተላለፊያው ውጭ ያለው ያ አፈር አሁንም ክረምት በመጣ ቁጥር ይሰምጣል።