እየዘፈኑ መምታት፦ የአላን ዳውሰን የድራም ትምህርት

የጃዝ ድራመር ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው የእጅ ፍጥነት ነው። የቦስተኑ አላን ዳውሰን ያስተማረው ግን የሚያጠነጥነው በሌላ ጥያቄ ላይ ነበር፤ ድራመሩ እየመታ ሳለ ዜማው የት እንደ ደረሰ ያውቃል ወይ? ካላወቀ እጁ የቱንም ያህል ቢፈጥን የሚጫወተው ከዘፈኑ ውጭ ነው።

የሥራ ሕይወቱን ባጭሩ እንለፈው (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1929 ፔንሲልቬኒያ ተወለደ፤ ያደገው ግን ቦስተን ውስጥ፣ ሮክስበሪ ነው። በውትድርናው ዘመን ፎርት ዲክስ በነበረው የሠራዊቱ የዳንስ ባንድ ውስጥ ተጫወተ፤ በ1953 ከባንድ መሪው ላየነል ሃምፕተን ጋር አውሮፓን ዞረ። በ1957 በቦስተኑ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በርክሊ ማስተማር ጀመረ፤ ያው ሙላቱ አስታጥቄ የተማረበት በርክሊ ማለት ነው። እስከ 1975 እዚያ ቆየ፤ ከዚያም በ1996 እስኪያርፍ ድረስ ቤቱ ሌክሲንግተን ሆኖ በግል አስተማረ። ገና ልጅ ሳለ ከእሱ የተማረው ቶኒ ዊሊያምስ በ1963፣ በ17 ዓመቱ፣ የጥሩምባ ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ ባንድ ውስጥ ገባ። ድራመሮቹ ቴሪ ሊን ካሪንግተንና ቪኒ ኮላዩታም የእሱ ተማሪዎች ናቸው። ሦስቱን በተርታ ብታዳምጡ አንዱ ሌላውን አይመስልም፤ ለእኔ ይህ ስለ አስተማሪው ከማንኛውም ሽልማት የበለጠ ይናገራል።

ማስተማሩ ከመጫወቱ ተነጥሎ አያውቅም። በ1960ዎቹ ቦስተን አካባቢ በነበረው ሌኒስ በተባለው ክለብ የክለቡ ቋሚ ድራመር ነበር፤ ከ1968 ጀምሮም ከፒያኒስቱ ዴቭ ብሩቤክ ጋር ተጫውቷል። የክለብ ድራመር ሥራ ምን እንደሆነ ያሰበ ሰው ትምህርቱ ከየት እንደ መጣ ይገባዋል። እንግዳው ሳክስፎኒስት ይመጣል፣ ልምምድ የለም ወይም ትንሽ ነው፣ የዘፈኑ ስምና ቴምፖው (ፍጥነቱ) ይነገራል፣ ይጀመራል። እዚያ የሚያድነው የዘፈኑን ቅርጽ በራስ ውስጥ ይዞ መሄድ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ዳውሰን ቫይብራፎንም (በመዶሻ እየተመታ ዜማ የሚወጣበትን የብረት መሣሪያ) ይጫወት ስለነበር ዜማ ለእሱ የሌላ ሰው ሥራ አልነበረም።

እንግዲህ ልምምዱ። ባለ 32 ባር ዘፈን ምረጡ (ባር ማለት እዚህ አራት ምት የሚይዝ ክፍል ነው)፤ ስምንት ባር፣ ያው ስምንት ባር ሲደገም፣ ስምንት ባር የተለየ ድልድይ፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው መመለስ። ሜትሮኖሙን (ምት ጠባቂውን መሣሪያ) በደቂቃ 110 ምት አካባቢ አድርጉ። ቀኝ እጅ ራይድ ሲምባል (ምቱን የሚያስኬደው ትልቁ የብረት ሳህን) ላይ፣ ግራ እግር ሃይ-ሃቱን (በፔዳል የሚጋጩትን ሁለት ሳህኖች) በ2ኛውና በ4ኛው ምት ላይ፣ አፍ ዜማውን ጮክ ብሎ። ሌላ ምንም የለም። ይህ ሲረጋጋ ግራ እጅ ስኔር (ፊት ለፊት ያለው ትንሹ ከበሮ) ላይ ይገባል፣ ቀጥሎ በቀኝ እግር የሚመታው ትልቁ ቤዝ ድራም፤ በመጨረሻ ሲምባሉን ትታችሁ ዜማውን እየዘፈናችሁ ሶሎ ትጫወታላችሁ።

የሚበላሸው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። እጁ ሲከብደው ድምፁ ይደበዝዛል፣ ወይም ይባስ ብሎ እጁን መከተል ይጀምራል። መፍትሔው እጁን ማቅለል ነው፤ ድምፁ ፈጽሞ አይነካም። ሁለተኛው ስህተት ድልድዩን መርሳት ነው፤ የመጀመሪያውን ክፍል ሦስት ጊዜ የመታ ድራመር ባሲስቱን ዘወር ብሎ እንዲያየው ያደርገዋል። ሦስተኛው እስትንፋስ ነው። ከባድ ቦታ ሲመጣ ትንፋሽ የሚይዝ ሰው ትከሻው ይጠነክራል፣ ቴምፖውም ይሮጣል። የሚዘፍን ሰው ደግሞ ሳይወድ በግዱ ይተነፍሳል።

ዜማውን አለማወቅ ከሁሉ በላይ የሚጋለጠው ባንዱና ድራመሩ አራት አራት ባር ሶሎ ሲቀባበሉ ነው። በ32 ባር ዘፈን ውስጥ ቀላል ነው፤ የድራመሩ ተራ ሁልጊዜ ያው ቦታ ላይ ይወድቃል። ባለ 12 ባር ብሉዝ ላይ ግን 12 ለአራት ሲካፈል ሦስት ስለሚሆን ተራው ይገለበጣል። በመጀመሪያው ዙር ባንዱ ከ1 እስከ 4፣ ድራመሩ ከ5 እስከ 8፣ ባንዱ ከ9 እስከ 12 ይጫወታል። በሁለተኛው ዙር ግን የድራመሩ ተራ ከ1 እስከ 4 እና ከ9 እስከ 12 ነው። ባሮችን በጣት የሚቆጥር ሰው ሁለተኛው ዙር መጀመሩን ራሱ እንዳበሰረ አያውቅም፤ ረጅም ሮል (ያልተቋረጠ ፈጣን ምት) ከጀመረ ደግሞ ወይ ሦስት ባር ተኩል ላይ ይቆማል ወይ አምስተኛው ውስጥ ይገባል። ዜማውን የሚዘፍነው መቁጠር አያስፈልገውም።

ንባቡን የሚያስተምረው በቴድ ሪድ የ1958 የሲንኮፔሽን (ከዋናው ምት ውጭ የሚወድቅ ሪትም) መጽሐፍ ነበር። መጽሐፉ ራሱ ለማንበቢያ የተዘጋጀ ቀላል ነገር ነው፤ ዳውሰን ግን ያንኑ አንድ መስመር በብዙ መንገድ ያስነብብ ነበር። በመጀመሪያ ሲምባሉና ሃይ-ሃቱ ሳይቋረጡ መስመሩን ግራ እጅ ስኔር ላይ ይመታል። ቀጥሎ ቤዝ ድራሙ ብቻ ያነበዋል። ከዚያ ይከፋፈላል፤ አጫጭሮቹ ኖታዎች ስኔር፣ ረጃጅሞቹ ቤዝ ድራም ላይ።

የሚጣፍጠው ቀኝ እጅ መስመሩን ይዞ ግራ እጅ ክፍተቱን የሚሞላበት ነው። በአንድ ባር ውስጥ «አንድ እና ሁለት እና ሦስት እና አራት እና» እየተባሉ የሚቆጠሩ ስምንት እኩል ምቶች አሉ እንበል፤ መስመሩ 1 ላይ፣ ከ2 በኋላ ባለው «እና» ላይ፣ 4 ላይ ነው። ውጤቱ ቀኝ ግራ ግራ፣ ቀኝ ግራ ግራ፣ ቀኝ ግራ ይሆናል። እዚህ ላይ የሚበላሸው የምቶቹ ድምፅ መጠን ነው፤ ግራው እንደ ቀኙ ከጮኸ መስመሩ ይጠፋና ተራ ሮል ብቻ ይሰማል። የግራው ስቲክ ከስኔሩ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ አይነሳ፤ ቀኙ ግን ዐሥራ አምስት ድረስ ይነሳ። በመካከለኛ ቴምፖ ከእያንዳንዱ ጥንድ ሁለተኛዋ («እና» የምትባለው) በትሪፕሌቱ (ምቱ ለሦስት እኩል ሲከፈል) ሦስተኛ ቦታ ላይ ትወድቃለች፤ ቴምፖው በጣም ሲፈጥን ግን ምቶቹ ወደ እኩልነት ይጠጋሉ፣ አስገድዶ ማወዛወዝ (ስዊንግ ማድረግ) ያጎብጠዋል።

ሌላው የታወቀው ልምምዱ ሩዲመንቶቹን (የድራም መሠረታዊ የእጅ ቅደም ተከተሎችን) እያንዳንዳቸውን አራት አራት ባር፣ ሳያቋርጡ፣ አንዱን ከሌላው አያይዞ መጫወት ነው። እግሮቹ ሥር ሆነው የብራዚል ሪትም ይይዛሉ፤ ቤዝ ድራም 1 ላይ፣ ከ2 በኋላ ባለው «እና» ላይ፣ 3 ላይ፣ ከ4 በኋላ ባለው «እና» ላይ፣ ሃይ-ሃት 2 እና 4 ላይ። ይህን በብረሽ (በቀጫጭን ሽቦ መምቻ) መጫወት ይመከራል፤ ብረሽ እንደ ስቲክ ስለማይነጥር እያንዳንዱን ምት አንጓው ራሱ ማንሳት አለበት። በስቲክ የተደበቀ ስንፍና በብረሽ ወዲያው ይሰማል።

ቴምፖውን የሚመርጡት ከዝርዝሩ መጀመሪያ ባለው ቀላል ሩዲመንት ሳይሆን ከሁሉ በሚከብዳቸው ነው፤ ብዙዎች ይህን ገልብጠው ያደርጉትና መሃል ላይ ይሰበራሉ። ከፓራዲድል (ቀኝ ግራ ቀኝ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ግራ ግራ) በሦስት ወደሚከፈል ሩዲመንት ሲሻገሩ ደግሞ እግሮቹ እጁን መከተል ይቃጣቸዋል። ስለዚህ እጆቹን ከመጨመር በፊት እግሮቹን ብቻቸውን ሁለት ደቂቃ ያህል ማስኬድ ይበጃል። ለጀማሪ ስድስት ሩዲመንት ይበቃል፤ ስድስቱ በአራት አራት ባር 24 ባር ስለሆኑ የ12 ባር ብሉዝ ሁለት ዙር ይሞላሉ፣ ላያቸው ላይም ያንኑ ብሉዝ መዝፈን ይቻላል።