የእንግዳ ሻንጣ የት ይቀመጥ?

አክስቴ ባለፈው ወር ለጨጓራ ሕክምና ከደብረ ማርቆስ ሲመጡ አውቶቡስ ተራ ሄጄ የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ። አንድ የጨርቅ ሻንጣ፣ በሶና በርበሬ የታጨቀበት ማዳበሪያ፣ ትከሻቸው ላይ ደግሞ ነጭ ጋቢ ነበራቸው። ጉንጫቸውን ስሜ ሻንጣውን ተቀብዬ ወደ ታክሲው ስሄድ፣ ዓይኔ የሻንጣውን ስፌት እየተከተለ ትኋን የሚተወውን ጥቁር ነጠብጣብ ሲፈልግ ያዝኩት። በልጅነቴ አዝለው ያሳደጉኝን ሴት እንደ ጉምሩክ ፈታሽ ሳያቸው በራሴ አፈርኩ፤ ማፈሬ ግን ዓይኔን አላስመለሰውም።

ይህ ጠባይ የያዘኝ ከአራት ዓመት በፊት ነው። ያኔ የኮንዶሚኒየም ቤታችን ትኋን ገብቶበት እሱን ለማጥፋት አምስት ወር ፈጅቶብናል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በባትሪ የፍራሹን ጠርዝ ስገልጥ፣ የተልባ ፍሬ የምታክል፣ እንደ ተልባም ጠፍጣፋና ቡናማ የሆነች ነገር ወደ ስፌቱ ስትሸሽ አየሁ። በጣቴ ስደፈጥጣት የወጣው ሽታ የእርጥብ ድንብላል ቅጠልን ይመስል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ድንብላል በቤቴ አይገባም። የሚገርመው ባለቤቴ እዚያው አልጋ ላይ እየተኛ አንዲት እብጠት እንኳ አልወጣበትም። ከሚነከሱት ሰዎች ጥቂት የማይባሉት ምንም ምልክት ስለማያዩ፣ አንድ እንግዳ «ቤቴ ትኋን የለም» ብሎ ሳይዋሽም ሊሳሳት ይችላል።

በዚያ ወቅት የባለቤቴ የአጎት ልጅ ሥራ ሊፈልግ መጥቶ እኛ ዘንድ ካረፈ ዘጠኝ ቀኑ ነበር። በቃል አንድም ነገር አላልኩትም፤ ነገር ግን የተኛበትን አንሶላ በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ ስወስድ አይቶኛል፤ በሳምንቱም «ጓደኛዬ ጋ ይቀርበኛል» ብሎ ሄደ። ነገሩን ተረጋግቼ ያሰላሁት በኋላ ነው። የትኋን እንቁላል ለመፈልፈል ከስድስት እስከ አሥር ቀን ይወስድበታል፤ ጫጩቷ ለአካለ መጠን እስክትደርስ አምስት ጊዜ ቅርፊቷን ትጥላለች፤ ለእያንዳንዱም ደም መጥባት ስላለባት ጠቅላላው ጉዞ ከአንድ ወር በላይ ይሄዳል። እኔ ግን ከራስጌው ጀርባ ያገኘሁት በየመጠኑ የተጣለ የቅርፊት ክምር ነበር። በዘጠኝ ቀን ያ ሁሉ ሊሆን አይችልም። ከዚያ ሦስት ወር በፊት ለመስክ ሥራ ሄጄ በአንዲት ከተማ አልጋ ቤት ሁለት ሌሊት ማደሬና ቦርሳዬን ባዶው አልጋ ላይ ከፍቼ መተዌ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ልጁን ይቅርታ መጠየቅ እንኳ አልቻልኩም፤ በአፌ ስላልወቀስኩት ይቅርታው ራሱ አዲስ ስድብ ይሆንበታል።

ጥርጣሬዬ ደግሞ ሰው ይመርጣል። በ2016 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት የፓሪስ ሰዎች በባቡርና በሲኒማ ወንበሮች ላይ ትኋን ታየ እያሉ ሲታመሱ ዜናውን እየሳቅሁ ነበር የተከታተልኩት። በዚያው ዓመት ለገና ከፓሪስ የመጣችውን የእህቴን ልጅ ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች ግን ስጦታ ለማየት ቸኩዬ ራሴው አልጋዬ ላይ ዘርግቼ ከፈትኋቸው። ለካስ ስፈራ የኖርኩት ትኋንን ሳይሆን ማዳበሪያን ነው። ትኋኑ ግን የሚፈልገው ደም፣ የሚመራውም ሙቀትና ትንፋሽ ስለሆነ የቤቱን ድህነትም ሆነ ንጽሕና አያይም። ያው መዝረክረክ መደበቂያ ያበዛለታል።

አሁን የማደርገው ቀላል ነው፤ የሚያስደስተኝም የቀድሞውን የእንግዳ አቀባበል መምሰሉ ነው። እናቴ ለመንገደኛ እግር አጥባ፣ የተጓዘበትን ልብስ ተቀብላ፣ ንጹሕ ጋቢ ታለብስ ነበር፤ ይህን የመሰለ ፍተሻ ማንም እንደ ስድብ አይቆጥረውም። እኔም እንግዳው ገላውን እንዲታጠብ ውሃ አሞቃለሁ፤ የመንገድ ልብሱን ወዲያው በፌስታል ቋጥሬ በ60 ዲግሪ አጥባለሁ፤ ሻንጣውንም መታጠቢያ ቤት በትልቅ የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ትኋን ስለማይበርና ስለማይዘል በለስላሳው የሳፋ ግድግዳ ላይ መውጣት ይከብደዋል። ውሃ የማይነካውን ልብስ ስፌቱን በካውያ እተኩሳለሁ፣ ወይም ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ አራት ቀን አቆያለሁ። ፍራሽ በረንዳ ላይ አውጥቶ ፀሐይ ማስመታቱን ግን ተውኩት፤ ትኋንና እንቁላሉ እንዲሞቱ ሙቀቱ እስከ ፍራሹ መሀል ወደ 50 ዲግሪ መጠጋት ስላለበት የአዲስ አበባ ፀሐይ አይበቃውም። የጠፍር አልጋ መጋጠሚያ ላይ የፈላ ውሃ ያፈስሱ የነበሩት አያቶቻችን ይሻሉ ነበር።

ማላታይን ገዝቶ ፍራሽ ላይ መርጨትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ትኋን በሽታ እንደሚያስተላልፍ አልተረጋገጠም፤ በመርዝ የራሰ ፍራሽ ላይ ልጅ ማስተኛት ግን አደጋነቱ አያጠያይቅም። እኛም በፍሊት ሞክረን ያተረፍነው፣ የተረፉት በኤሌክትሪክ ቱቦ አልፈው ወደ ጎረቤት መሄዳቸውን ነው። ቤት ዘግቶ አንድ ወር መጥፋትም አይረዳም፤ ያለ ምግብ ብዙ ወራት ይቆያሉና።

አክስቴ በመጡ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቡና ላፈላ ስነሳ መኝታቸው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ፍራሹን በግርጌ በኩል አንስተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ በአውራ ጣታቸው ስፌቱን እየተከተሉ ይፈትሻሉ። ሲያዩኝ ትንሽ ደንገጥ አሉና ፍራሹን ቀስ ብለው መለሱት።

«ምነው አክስቴ፣ የነከሰዎት ነገር አለ?» አልኩ።

«የለም ልጄ፣ የከተማ ቤት ትኋን አያጣውም ሲሉ ሰምቼ ነው። ይዤ ብሄድ ምራቴን ምን እላታለሁ?» አሉኝ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሻንጣዬን እንደዚያው ሳፋው ውስጥ ተዪው፤ ጥሩ ቦታ ነው» አሉ።