እማዬ አጋም ያለችው ካሪሳ

እስራኤል ውስጥ አሽቀሎን ከተማ ቤት ስከራይ ባሕሩ በእግር አምስት ደቂቃ መሆኑን ሰምቼ ደስ አለኝ። ጽጌረዳዎቼን ግን አልተመቻቸውም። በክረምት ነፋሱ ከማዕበሉ ላይ ጨው ተሸክሞ ይመጣል። የመስኮቱን መስታወት በጣቴ ነክቼ ብቀምሰው ጨው ጨው ይላል። መጀመሪያ የቅጠሉ ጫፍ ያርራል፣ ከዚያ ዳር ዳሩ፣ ከዚያ ተክሉ እንዳለ። ሦስቱንም ነቅዬ ጣልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ችግኝ ሻጭ ካሪሳ የሚባል እሾሃም ቁጥቋጦ ያሳየኝ። አገሩ የደቡብ አፍሪካ ባሕር ዳርቻ ነው። ቅጠሉ ወፍራም ነው፣ ሰም የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል። ጨው በቀላሉ ዘልቆ አይገባውም። እሾሁ ጫፉ ላይ እንደ ባላ ለሁለት ይከፈላል፤ ያለ ጓንት የከረከምኩት ዕለት አይቼዋለሁ።

እማዬ ልትጠይቀኝ መጥታ ቅርንጫፉን ቀነጠሰችው። ነጭ ወተት ወጣው። አበባውን አሸተተች።

«ይሄማ አጋም ነው!»

«አይደለም እማ፣ የደቡብ አፍሪካ ነው።»

ለካ እሷ ነበረች ልክ። የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። የኛው አጋም ፍሬው ትንሽና ጥቁር ነው፣ የዚህ ቀይ ሆኖ ፕሪም ያህላል። እማዬ ገና ግማሹ አረንጓዴ የሆነውን ነክሳ ወተቱ ከንፈሯን አጣበቀባት። በደንብ ቀልቶ እስኪለሰልስ አትንኩት። ከበሰለው ፍሬ በቀር ምኑም አይበላም።

ታናሽ እህቴ ቤርሼባ ነው የምትኖረው። አንድ ችግኝ ወሰድኩላት። ባሕር በሌለበት ምን ጨው አለ ብለን ነበር። በጋ ላይ ደውላ «ጋሼ፣ ጫፉ ማረር ጀመረ» አለችኝ። ሄጄ አየሁት። በየቀኑ አሥር ደቂቃ በጠብታ ታጠጣዋለች። እርጥቡ አፈር ዙሪያ፣ ልክ የደረቀ ላብ ሸሚዝ ላይ እንደሚቀረው፣ ነጭ ቀለበት ሠርቷል። ውኃው ራሱ ትንሽ ጨው አለው። ውኃው ይተናል፣ ጨዉ እዚያው ይቀራል። እኛ ጋ የክረምቱ ዝናብ አጥቦ ያወርደዋል፤ ቤርሼባ ግን በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚዘንበው። ካሪሳ ጨው ይችላል ቢባልም እንዲህ ሥሩ ላይ ሲጠራቀምበት አይወድም። በየቀኑ ጠብ ማድረጉን ትታ፣ በሳምንት አንዴ ረጅም ሰዓት ከፍታ ጨዉን ወደ ታች እንድታወርደው ነገርኳት። ቀጥሎ የወጣው ቅጠል ንጹሕ ነበር።

ጥር ላይ ደግሞ አንድ ሌሊት ውርጭ ጣለና ለጋው ሁሉ ጠቆረ። እህቴ ወዲያው መቀስ አነሳች። «ተይው፣ የሞተውም ቢሆን የታችኛውን ከብርድ ይከልልለታል» አልኳት። እስከ ፋሲካ ጠበቅን፣ ከግንዱ ሥር አዲስ አወጣ። አሁን በደቡብ በኩል ግድግዳ ተጠግቶ ወገቧ ደርሷል።

እማዬ ካሪሳ የሚለውን ስም እስካሁን አልተቀበለችም። ስትደውል መጀመሪያ «አጋሙስ?» ትላለች፣ ቀጥሎ እኔን ደህና ነህ ወይ ትላለች።