ከመቶ 3.97ቱ ውስጥ አለሁበት

እናቴን ሳልጦር የሰው እናት እጦር ነበር። ማድሪድ ውስጥ ከአንዲት የ86 ዓመት አዛውንት ጋር እያደርኩ ነበር የምሠራው። ስፔናውያን «ኢንተርና» የሚሉት ሥራ ነው፤ ከሳምንቱ አንድ ቀን ተኩል ዕረፍት በስተቀር ከሴኞራ፣ ከእመቤቴ ማለት ነው፣ ጎን አልለይም። የመድኃኒታቸውን ሰዓት፣ መነጽራቸው የተረሳበትን ቦታ፣ ሌሊት የሚያነቃቸውን ሕልም ሳይቀር አውቃለሁ። ከሉጎ ገጠር፣ በሰሜን ምዕራብ ስፔን ካለው ከጋሊሲያ ምድር፣ በ19 ዓመታቸው የሰው ቤት ሊሠሩ ወደ ማድሪድ መጥተው እዚያው ቀሩ። ያን ሁሉ ዘመን ኖረውም ሲናደዱ ስፓኒሹ ይጠፋባቸውና በጋሊሲያኛ ይቆጣሉ።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 2022 ምሽት ግን በጋሊሲያኛ ሲደሰቱ ሰማኋቸው። ስፔንን በዩሮቪዥን፣ በአውሮፓ አገሮች የዘፈን ውድድር፣ የሚወክለው ዘፈን የሚመረጥበት የቤኒዶርም ፌስት ፍጻሜ ነበር። ስምንት ዘፈኖች ቀርበዋል። «ቴራ» የተባለውን የሚዘፍኑት ታንሹጌይራስ የተሰኙ ሦስት የጋሊሲያ ሴቶች ናቸው። ፓንዴሬታ ይመታሉ፤ ዙሪያውን ቆርቆሮ የተሰካለት አታሞ በሉት። በመካከሉ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጣሪያ የሚበሳ ድምፅ ለቀቁ።

እጄ ላይ የነበረውን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። እልልታ! እርግጥ ምላስ አያርገበግቡም፤ ከጉሮሮ ነው የሚያወጡት፤ ስሙም «አቱሩሾ» ነው። ደሴ ውስጥ ሠርግ ላይ ያደገ ጆሮ ግን ይህን ልዩነት ቆይቶ ነው የሚያስተውለው። ሳላስበው መለስኩላቸው። አውሮፓ ከገባሁ ወዲህ የመጀመሪያ እልልታዬ ነበር። ሴኞራ ከወንበራቸው ዞረው፣ «አንቺ ልጅ፣ ይህን ማን አስተማረሽ?» አሉኝ። ወዲያው ስልካቸውን ሰጡኝ። «ለእነዚህ ልጆቼ ድምፅ ላኪልኝ።»

ላክሁላቸው። ከዚያ ሾርባውን አያለሁ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁና በራሴ ስልክ ለሌላ ሰው ላክሁ።

የላክሁት ለሌላዋ ተወዳዳሪ ለቻኔል ተሬሮ ነው። ኩባ፣ ሃቫና ተወልዳ በሦስት ዓመቷ ካታሎኒያ የመጣች፣ በሙዚቃዊ ቲያትሮች ስትጨፍርና ስትዘፍን የኖረች ልጅ ናት። «ስሎሞ» የተባለው ዘፈኗ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥልቅ ግጥም የለውም፤ ጉዳዩ ወገብ ነው። ግን ያንን ሁሉ እየተወዛወዘች ትንፋሿ ሳይቆራረጥ ስትዘፍን ሳይ፣ ሥራዋን ጠንቅቃ የምታውቅ ሠራተኛ አየሁ። ሌሊት አዛውንት እያገላበጠ የሚያድር ሰው ደግሞ የወገብን ነገር አይንቅም።

ውጤቱ ሲነገር ቤታችን ልቅሶ ቤት ሆነ። ቻኔል 96፣ «አይ ማማ»ን የዘፈነችው ሪጎቤርታ ባንዲኒ 91፣ ታንሹጌይራስ 90። ሴኞራ «ሌቦች!» ብለው እራታቸውን ገፉት። የድምፁ ዝርዝር ሲወጣማ ባሰ። ከስልክ ድምፁ 70.75 ከመቶ የጋሊሲያዎቹ፣ 18.08 ከመቶ የሪጎቤርታ፣ 3.97 ከመቶ ብቻ የቻኔል ነበር።

ስሌቱን ወረቀት ላይ እየጻፍኩ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ግማሹ ነጥብ የባለሙያ ዳኞች ነው፤ ሩቡ በናሙና የተመረጡ ሰዎች፣ ሩቡ የስልክ ድምፅ። ስልኩም የሚመዘነው በድምፁ ብዛት ሳይሆን በደረጃ ነው፦ አንደኛ የወጣው 30፣ ሁለተኛው 25፣ ሦስተኛው 20። ስለዚህ 70 ከመቶ ባገኙትና 4 ከመቶ ባልሞላላት መካከል ያለው ልዩነት አሥር ነጥብ ብቻ ሆነ። ዳኞቹ ለቻኔል 51፣ ለታንሹጌይራስ 30 ሰጡ፤ የሕዝቡ ጎርፍ እዚያ ላይ ሰመጠ። ደንቡ አስቀድሞ የተጻፈ ነበር፤ ስለዚህ ሌብነት ነው አልልም። ፍትሐዊ ነው ወይ ብትሉኝ ግን አይመስለኝም፤ የራሴ ምርጫ አሸንፎም እንኳ አይመስለኝም። ከዳኞቹ አንዷ ቀደም ሲል ከቻኔል ጋር የሠራች መሆኗ ሲሰማ ጉዳዩ የፓርላማ ጥያቄ እስከመሆን ደረሰ።

ቁጣው ግን ደንብ አውጪዎቹን ትቶ ልጅቷ ላይ ወረደ። ስድቡ በዝቶባት ከትዊተር ወጣች። አንድ ቀን ሴኞራን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ወደ ሕንፃችን ስንመለስ፣ አሳንሰሩ ውስጥ አንድ ጎረቤታችን ሊያጽናናቸው ፈልጎ ይመስለኛል፣ «ኩባዋ ሄዳ ትወዛወዝ» አለ። እኔ ዓይኔን ወደ ቁልፎቹ መለስኩ። በዚያ ሰሞን ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ነበር የቀረኝ። እዚያ አገር ወረቀት የሌለው ሰው ሦስት ዓመት መኖሩን ካስመሰከረና የሥራ ውል ካገኘ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ይችል ነበር። መንገዱ «አራይጎ» ይባላል፤ ሥር መስደድ ማለት ነው። ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ እዚያው ያደገች ልጅ ሥር አልሰደደችም ከተባለ፣ የእኔን ቀን መቁጠር ምን ልበለው?

የመለሱለት ሴኞራ ናቸው። «አጎቴ ሃቫና ሄዶ እዚያው ሞተ» አሉት። «ከመንደራችን ግማሹ ሄዷል። እዚያ ሁላችንንም ጋሊሲያዊ እያሉ ነበር የሚጠሩን፤ ተመለሱ ግን አላሉንም።» ሰውየው ሦስተኛ ፎቅ ወረደ። ሴኞራ ወዲያው ወደ እኔ ዞረው፣ «ቢሆንም ሰርቀውናል» አሉ።

የሜይ 14ቱን የዩሮቪዥን ውጤት አስቀድሜ ልናገር። ጣሊያን፣ ቶሪኖ ላይ ቻኔል በ459 ነጥብ ሦስተኛ ወጣች፤ ዩክሬን በ631 አንደኛ፣ ብሪታንያ በ466 ሁለተኛ። ስፔን ከ1995 ወዲህ እንዲህ ያለ ደረጃ አግኝታ አታውቅም። የሚገርመው፣ 231ዱ ከዳኞች፣ 228ቱ ከሕዝብ የተገኘ ነበር፤ የአውሮፓ ተመልካችና የአውሮፓ ዳኞች በእሷ ላይ እኩል ሊሆኑ ሦስት ነጥብ ቀራቸው። ያ ጎረቤታችን በረንዳው ላይ ወጥቶ ሲጮኽ ሰማሁት፤ ድምፁን አውቀዋለሁ።

እኔ ግን ይበልጥ የማስታውሰው ከውጤቱ በፊት የነበረውን ሰዓት ነው። ልጅቷ ስትጨርስ ሴኞራ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ቆዩ።

«ጎበዝ ናት» አሉ በመጨረሻ፣ እንደተሸነፈ ሰው።

እኔም ልቤ ደፈረ። «ሴኞራ፣ ያኔ ወጥ ቤት ገብቼ የላክሁት ለእሷ ነበር።»

«በእኔ ቤት!» አሉ። በንዴት መስሎኝ ነበር፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሳይ ግን እየሳቁ ነው። ከዚያ ስልካቸውን ፈለጉ። «እንግዲያው ዛሬም እንላክላት።»

ለራስ አገር ድምፅ መስጠት እንደማይቻል ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «አንቺ ላኪያ! አንቺ ስፔናዊት አይደለሽም።»

«የሚቆጠረው በስልኩ አገር ነው፣ ሴኞራ። የእኔም ስልክ የስፔን ነው።»

ማመልከቻዬን ካስገባሁ አሥራ አንድ ቀን ሆኖኝ ነበር። ስልኬን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው ፊትና ኋላውን አገላብጠው አዩት።