መጀመሪያ የምጠይቀው፦ መቼ ነው የሚተኛው?

ያልተለመደ ቋሚ ተክል ልተክል ስል ስለ ቀለሙ የምጠይቀው መጨረሻ ላይ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄዬ «መቼ ነው የሚተኛው?» የሚል ሆኗል። ጓሮዬ ውስጥ ያሉትን የመረጥኳቸው በዚህ ነው። እስካሁን ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ቋሚ የምለው ከላይ ቢደርቅም ወቅቱ ሲመለስ ከሥሩ የሚያቆጠቁጠውን ነው። አብዛኞቹ በዓመት ውስጥ የሆነ ጊዜ ያርፋሉ። አንዱን ብርድ ያስተኛዋል፣ ሌላውን ድርቅ። የተኛ ሥር ውሃ ብዙም አይጠጣም። በዚያ ጊዜ አፈሩ ከጨቀየ አየር ያጥረውና ይበሰብሳል። «ብርድ ገደለው» የሚባለውን ተክል ብዙ ጊዜ የገደለው እርጥበት ነው። ስለዚህ ከማዳበሪያ በፊት የማስበው ውሃው የሚሄድበትን ነው። አፈሩ ጭቃ ከሆነ ደረቅ ዕረፍት የሚፈልጉትን ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ ጠጠርና ኮምፖስት ቀላቅዬ እተክላለሁ።

ይሄን በደንብ ያሳየኝ ግሎሪዮሳ የሚባለው አበባ ነው። ትውልዱ በአፍሪካና በእስያ ሞቃት አካባቢዎች ነው። በእርጥቡ ወቅት ያድጋል፣ ያብባል። ድርቁ ሲመጣ ከላይ ያለው ሁሉ ይጠወልግና ሥሩ ብቻ ይቀራል። ሥሩ ጣት የመሰለ፣ ብዙ ጊዜ መሃሉ ላይ የታጠፈ ነው። እንደ ድንች በየቦታው ዓይን የለውም፤ ቡቃያው የሚወጣው ከጫፉ ነው። ጫፉ ከተሰበረ ቀሪው ሥር ጤነኛ ቢመስልም አብዛኛውን ጊዜ አይበቅልም። ስለዚህ ከመሃሉ ይዤ፣ ጋደም አድርጌ፣ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ እቀብረዋለሁ። አሮጌው ሥር በየዓመቱ አዲስ ተክቶ ራሱ ያልቃል።

ሲያድግ መደገፊያ ይፈልጋል። የቅጠሉ ጫፍ ይቀጥንና ያገኘውን ነገር ይጠመጥማል። ወፍራም እንጨት አይመቸውም፤ ቀጭን ሽቦ ወይም የቁጥቋጦ ጭራሮ ይበቃዋል። አበባው ሲፈነዳ ወደ አረንጓዴና ቢጫ ያደላል፤ እየዋለ ሲያድር ይቀላል፣ የአበባው ቅጠሎችም ወደ ኋላ ይቀለበሳሉ። ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ከመሃል የምትወጣው የሴቴዋ ዘንግ ቀጥ ብላ አትቆምም። ከመነሻዋ እጥፍ ብላ ወደ ጎን ትዘረጋለች። እኔ እንዲህ ያለ አበባ ሌላ አላየሁም።

ግን አደራ! ተክሉ ከሥሩ እስከ ዘሩ መርዝ ነው። ኮልቺሲን የሚባል፣ የሕዋሳትን መከፋፈል የሚያግድ ንጥረ ነገር አለው። ስነካው ጓንት አደርጋለሁ። ትንንሽ ልጆች ወይም የቤት እንስሳት የሚውሉበት ጓሮ ካላችሁ ይቅርባችሁ።

ከግሎሪዮሳ ቀጥሎ የምወደው ዩኮሚስ ነው። የደቡባዊ አፍሪካ ተክል ነው፤ ሥሩ ሽንኩርት ይመስላል። በሞቃቱ ወቅት ዝናብ አግኝቶ ያድጋል፣ በቀዝቃዛው ወቅት ደርቆ ያርፋል። ትንንሽ ኮከብ መሳይ አበቦቹ ዘንጉን ከበው ይደረደራሉ፣ አናቱ ላይ ደግሞ የአናናስ ዓይነት የቅጠል ጉንጉን አለው። የሽታውን ነገር ቀድማችሁ ጠይቁ። ዩኮሚስ ባይከለር የሚባለው ዝንቦችን የሚጠራ መጥፎ ሽታ አለው። ዩኮሚስ ኮሞሳ ግን ደስ የሚል ነው። የመጀመሪያውን ከመስኮት ራቅ አድርጉት።

ዩኮሚስን የማባዣው መንገድ እስካሁን ያስደንቀኛል። ጤነኛ ቅጠል እቆርጥና 5 ሴንቲሜትር አካባቢ በሆኑ ቁራጮች እከፋፍለዋለሁ። የታችኛውን ጠርዝ እርጥብ አሸዋ ውስጥ እሰካለሁ። ላይና ታቹን መለየት ግድ ነው፤ ተገልብጦ ከተሰካ አይሆንም። ቆይቶ ከተቆረጠው ጠርዝ ሥር ነጫጭ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ሽንኩርቶች ይወጣሉ። አሁን ማሰሮ ሙሉ አሉኝ። ለአበባ ግን ገና ጥቂት ዓመታት ይቀራቸዋል።

ባፕቲዢያ ሌላ ዓይነት ትዕግስት ይጠይቃል። የሰሜን አሜሪካ ተክል ነው፣ የባቄላ ዘመድ። ዋና ሥሩን ወደ ታች ስለሚሰድ መነቀል አይወድም፤ የመጀመሪያዎቹን 3 ዓመታት ገደማ ከላይ እምብዛም አይታይም። ከያዘ በኋላ ግን ለአሥርተ ዓመታት ይኖራል። ስለዚህ ቦታውን በደንብ አስቡበት። ሄሌቦሩስ የሚባለውን ሌላ ቋሚ አበባ በዘር የምትሞክሩ ደግሞ ዘሩ ሳይደርቅ ዝሩት። ከደረቀ በቀላሉ አይነቃም።

ሜኮኖፕሲስ የሚባለውን የሂማላያ ሰማያዊ አበባ ትቼዋለሁ። በጣም ያምራል፤ ግን ቀዝቀዝ ያለና እርጥብ አየር ይፈልጋል፣ የእኔ ጓሮ ደግሞ ይሞቃል። ከዝርያዎቹም አንዴ አብበው የሚሞቱ አሉ።

አሁን ዓይኔ ያረፈው ትሪሲርቲስ ላይ ነው። የምሥራቅ እስያ ተክል ነው፣ ሐምራዊ ነጠብጣብ ያለበት አበባ ያወጣል፣ የሚያብበውም ሌሎቹ ሲጨርሱ ነው። ጥላና እርጥበት ስለሚወድ ከግሎሪዮሳ ጎን አይሆንም። ከዛፉ ሥር ቦታ አዘጋጅቼለታለሁ። ከመካከላችሁ ያሳደገው ካለ፣ የዛፍ ሥር ውሃውን ይሻማው እንደሆነ ይንገረኝ።